ለድሬ ዳዋና ለሐረር አዲስ ኩሽና፦ ምጣድ፣ ምድጃና ፍሪጅ እንዴት ይመረጥ?

ድሬ ዳዋ ታይዋን ገበያ ገብቶ አንድ ረድፍ ፍሪጅ ፊት የቆመ ገዢ የሚነገረው ስለ ሊትሩና ስለ ቀለሙ ነው። ያ ፍሪጅ የግንቦትን ሙቀት ይችል እንደሆነ፣ የቤቱ ሽቦስ ምጣድና የውሃ ማፍያ አንድ ላይ ይሸከም እንደሆነ የሚያነሳ የለም። ከዚያ ኮምፕረሰር ይቃጠላል፣ ሶኬት ይቀልጣል፣ ምጣዱም «እንጀራው ዓይን አልወጣለት አለ» ተብሎ ይወቀሳል። ብዙውን ጊዜ ዕቃው ደህና ነው፤ ያልተስማማው ከቤቱ ጋር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ ዕቃውን እንይ።

ማንኛውንም ዕቃ በአምስት ነገር መዝኑት፦ ስንት ዋት ይስባል? መብራት ሲጠፋ ወይም ሲደክም ምን ይሆናል? የኩሽናውን ሙቀት ይችላል? ውሃ የሚነካው ከሆነ ኖራ የበዛበትን ውሃ ይቋቋማል? ሲበላሽ እዚሁ ሠፈር የሚጠግነው አለ? የመሸጫ ዋጋው ከእነዚህ በኋላ ይምጣ።

ከመግዛት በፊት ቤቱን መለካት

ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና ብሬከር ተመልከቱ። 25 አምፒር ከሆነ በ220 ቮልት አባዙት፤ 5,500 ዋት ይመጣል። ቤቱ በአንድ ጊዜ የሚሸከመው ይህን ያህል ነው። 3,500 ዋት ምጣድ እየሠራ 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ ከተሰካ 5,500ው ሞላ፤ በዚያው ሰዓት ፍሪጁ ሲነሳ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል። ወደ ትልቅ ብሬከር መቀየር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ሽቦው ካልተቀየረ ብሬከሩ ዝም እያለ ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፤ እሳት የሚነሳውም እንዲህ ነው።

ምጣድ የራሱ መስመር ይፈልጋል፦ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ፣ የራሱ 25 አምፒር ብሬከርና የአፈር መስመር (ኤርዝ)። ተራ የግድግዳ ሶኬት ገደቡ 16 አምፒር ነው፤ የ3,500 ዋት ምጣድ 15.9 አምፒር ይስባል። ሶኬቱ አዲስና ጥብቅ ሳለ ይችለዋል፤ ትንሽ ከላላ ግን በመሰኪያው ጥርስና በሶኬቱ መካከል ሙቀት ይፈጠራል፣ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ መጨረሻ ላይ አብሮ ይጣበቃል። በዲቫይደር ምጣድ መጋገርማ ፈጽሞ አይሞከር። ኤርዙም ለይስሙላ የሚገባ አይደለም። የምጣዱ አካል ቆርቆሮ ነው፣ የጋጋሪዋ እጅ ሊጥ የነካ ነው፣ ወለሉ እርጥብ ነው።

ቀጥሎ ቮልቴጁን በቴስተር ለኩ። አንዴ ጠዋት፣ አንዴ ቀትር ላይ፣ አንዴ ደግሞ ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፤ ሠፈሩ ሁሉ ሲያበስል የሚወርደው ያኔ ነው። በሽቦ ሙቀት የሚሠራ ዕቃ ቮልት ሲቀንስበት ኃይሉ የሚቀንሰው በቮልቱ ልክ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ነው። 220 የነበረው 180 ቢሆን የ3,500 ዋቱ ምጣድ 2,340 ዋት ገደማ ብቻ ይሰጣል፤ ከኃይሉ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። እንጀራው የሚገረጣው ለዚህ ነው፤ ሊጡ ላይ አብሲት መጨመር አያድነውም። ምሽት ላይ ከ190 በታች የሚያሳይ ቤት ሁሉንም ነገር በኤሌክትሪክ ላይ መጣል የለበትም።

በመጨረሻ ሜትር ያዙ። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ ቤት ከሆነ የበሩን ስፋት ብቻ ሳይሆን እስከ በሩ የሚያደርሰውን ጠባብ መንገድና መታጠፊያውን ጭምር ለኩ፤ ሰፊ ፍሪጅ ተገዝቶ መታጠፊያው ላይ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ጀጎል ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የዓለም ቅርስ ስለሆነ ለጭስ ማውጫ ግንብ ከመብሳት በፊት መጠየቅ ይገባል። የሳቢያን አዲስ ቤቶችም ሆኑ የኮንዶሚኒየም ኩሽናዎች በር ችግር የለባቸውም፤ እነሱን የሚያስቸግራቸው የሶኬት ማነስ ነው።

ምጣድ፦ ትልቁ በላተኛ

በቤት ውስጥ ከፍተኛውን መብራት የሚበላው ምጣድ ነው። 30 እንጀራ በሁለት ሰዓት የሚጋግር ቤት በአንድ ጊዜ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ በሳምንት ሁለቴ ቢጋግር በወር ወደ 60 ይደርሳል። የፍጆታ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር፣ በምጣድ ላይ የሚገኝ ቁጠባ ቢሉ ላይ ቶሎ ይታያል።

ምርጫው በሁለት ይከፈላል። የሸክላው ምጣድ ለመጋል ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከጋለ በኋላ ግን ሙቀቱን ስለሚይዝ ተከታታይ ለሚጋግር ቤት የተመቸ ነው። ሽቦው ቢበጠስ የሚቀይርለት ባለሙያ በየሠፈሩ አለ። የማያጣብቀው (ቴፍሎን) ምጣድ ቶሎ ይግላል፣ ማሰሻ አይፈልግም፣ ቀላል ነው። ድካሙ ሁለት ነው፦ ገጹ ከተጫረ አይታደስም፣ ባዶውን ተለኩሶ ከተረሳም ልባሱ ይበላሻል። የማሽላ እንጀራ ለሚጋግር ቤት፣ በሐረርጌ ብዙው ቤት እንዲያ ስለሆነ፣ ሸክላውን እንመርጣለን። አራትና አምስት እንጀራ ጋግሮ ለሚያቆም ባልና ሚስት ግን ሸክላውን ለማጋል የሚጠፋው መብራት ስለሚበዛ ቴፍሎኑ ያዋጣል።

የሸክላ ምጣድ ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩት። ሽቦው በሸክላው ቦይ ውስጥ እንደ ስፕሪንግ ተጠቅልሎ ይዞራል፤ ጥቅልሎቹ ከመሐል እስከ ዳር በእኩል ርቀት መለጠጥ አለባቸው። የተጠጋጉበት ቦታ እንጀራ ያሳርራል፣ የተራራቁበት ቦታ ነጭ ያስቀራል። ሱቅ ውስጥ መፈተኛው ቀላል ነው፦ ምጣዱ ይለኮስ፣ ሲግል አምስት ቦታ ላይ፣ አንድ መሐል አራት ዳር ዳር፣ ቁንጥር ቁንጥር ዱቄት አድርጉ። አምስቱም በተመሳሳይ ፍጥነት ወደ ቡኒ ከሄዱ ሽቦው ደህና ነው። አንዱ ጠቁሮ ሌላው ነጭ ከቀረ ሌላ ምጣድ ይውጣ። ሁለተኛው ፈተና ከሥሩ ነው። ከሽቦው በታች ሙቀት የሚያግድ ነገር ያልተሞላበት ባዶ ቆርቆሮ ከሆነ፣ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ እጅ ወደ ሥሩ ሲጠጋ ይለበልባል፤ ያ ሙቀት የተከፈለበት መብራት ነው። ሽቦና ገመድ የሚገናኙበት ማያያዣ ደግሞ ነጭ ሸክላ ይሁን፤ የፕላስቲኩ ይቀልጣል።

አዲስ ሸክላ በጎመን ዘር በደንብ ሳይሟሽ ሊጥ አይፈስበትም። ሌላው ስብራት የሚመጣው ከቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ የጋለ ሸክላ ላይ እርጥብ ጨርቅ ማሳረፍ ስንጥቅ ያመጣል፣ በስንጥቁ ሊጥ ወደ ሽቦው ይወርዳል፣ ሽቦው እዚያ ቦታ ላይ ይበጠሳል።

ምድጃ፦ ኤሌክትሪክ፣ ኢንዳክሽን ወይስ ጋዝ?

ወጪውን በእጃችሁ ማስላት ትችላላችሁ። አንድ ኪሎ የሲሊንደር ጋዝ ወደ 12.8 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ይዟል። ከዚህ ድስቱ ውስጥ የሚገባው 40 በመቶ ገደማ ነው፤ ቀሪው በድስቱ ጎንና ጎን ወጥቶ ኩሽናውን ያሞቃል። ተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ 70 በመቶ ገደማ፣ ኢንዳክሽን (ድስቱን ራሱን በማግኔት ኃይል የሚያግለው ምድጃ) 85 በመቶ ገደማ ያስገባል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ጋዝ የሚያበስለውን ተራ ኤሌክትሪክ በ7 ኪሎዋት ሰዓት፣ ኢንዳክሽን በ6 ያበስለዋል። ያለፈውን ወር የመብራት ቢል በተጠቀማችሁት ኪሎዋት ሰዓት አካፍሉና በ7 አባዙ፤ የሚመጣውን ብር ከአንድ ኪሎ ጋዝ ዋጋ ጋር አስተያዩ። የጋዝ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር ይህችን ስሌት መድገም ነው።

ተራው የኤሌክትሪክ ምድጃ (ባለ ሽቦው ወይም ባለ ክብ ብረቱ) ርካሽ ነው፣ ማንኛውንም ድስት ይቀበላል፣ ጥገናውም ቀላል ነው። ቮልት ሲወርድ ግን እንደ ምጣዱ ይደክማል። ባለ ሽቦው ላይ ወጥ ሲገነፍል ጨውና ቅባት ሽቦውን ይበላዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከገነፈለበት በኋላ ይበጠሳል።

ኢንዳክሽን ለድሬ ሙቀት የተሻለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው፤ የሚግለው ድስቱ ስለሆነ ኩሽናው ውስጥ የሚለቀቀው ትርፍ ሙቀት ትንሽ ነው። ቅድመ ሁኔታው ድስቱ ነው። ማግኔት ይዛችሁ ቤት ያሉትን ድስቶች ሥራቸውን ፈትሹ፤ ማግኔቱ ካልያዘ ኢንዳክሽኑ አያሞቀውም። አሉሚኒየሙ ብረት ድስት፣ ሸክላው የዶሮ ወጥ ድስትና ጀበናው ሁሉ ከዚህ ውጭ ናቸው። ብዙ ቤት ይህን የሚያውቀው ከገዛ በኋላ ነው፤ ያኔ አዲስ ድስት መግዛት የምድጃውን ዋጋ ያህል ይጨምራል። ውስጡ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ስላለበትም ከፍተኛ ቮልት ሲመጣ ይቃጠላል፣ ጥገናው እንደ ሽቦ ምድጃ በየሠፈሩ አይገኝም። ከሥሩ ያለውን የአየር ማስገቢያ በፕላስቲክ የጠረጴዛ ልብስ መሸፈንም ሌላው ገዳዩ ነው።

ጋዝ መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ቮልት ቢወርድም አይደክምም። በረመዳን ማፍጠሪያው ሲቃረብ፣ ሳምቡሳ መጥበሻው ላይ ሆኖ ሠፈሩ ሁሉ መብራት ሲስብ፣ ዘይቱን በእኩል ግለት የሚይዘው ጋዝ ነው። ቀዝቃዛ ዘይት ውስጥ የገባ ሳምቡሳ ዘይት ጠጥቶ ይለሰልሳል። የጋዝ ችግሩ አቅርቦቱ ነው፤ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል። ስለዚህ ጋዝ የሚጠቀም ቤት ሁለት ሲሊንደር ቢኖረው እንመክራለን። ሲሊንደሩን ሲሞሉ በሚዛን አስመዝኑ፤ ከጠቅላላው ክብደት ላይ አንገቱ ላይ የተቀረጸውን የባዶውን ክብደት ቀንሱ፣ ቀሪው የገዛችሁት ጋዝ ነው።

ምድጃው ሲለኮስ ነበልባሉ ሰማያዊና አጭር መሆን አለበት። ቢጫ፣ ረጅምና የድስት ሥር የሚያጠቁር ከሆነ ማቃጠያው ለቧንቧ ጋዝ በተሠራ ሰፊ ቀዳዳ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ቀዳዳዎቹ በሲሊንደር ጋዝ ልክ ይቀየሩ። ሬጉላተሩን (የጋዙን ግፊት የሚቀንሰውን መክፈቻ) ከሲሊንደሩ ጋር አብራችሁ ግዙ፤ የራስጌው ዓይነት ስለሚለያይ የማይገጥም ይገዛል። ጎማው ከ1.5 ሜትር አይብለጥ፣ በሁለቱም ጫፍ በብረት ቀለበት ይጥበቅ፣ ሲደርቅና ሲሰነጣጠቅ ወዲያው ይቀየር። መፍሰሱ የሚፈተሸው በሳሙና አረፋ ነው፤ በክብሪት ፈጽሞ አይሞከርም። ይህ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ከታች በኩል አየር ማስወጫ ይበጅለት። በድሬ ፀሐይ ሲሊንደርን በረንዳ ላይ ያለ ጥላ ማቆም አይገባም።

ለአብዛኛው ቤተሰብ የምንመርጠው ሦስት ጋዝና አንድ ኤሌክትሪክ ያለውን ቅልቅል ምድጃ ነው። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይተካል። ጀበናን በቀጥታ ትልቅ ነበልባል ላይ አትጣዱ፤ በትንሹ ማቃጠያ፣ ከሥሩ የብረት ሰሌዳ ተደርጎ፣ በዝግታ ይሙቅ።

የሐረር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ያስብ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬ ደግሞ 96 አካባቢ። ባቄላ፣ ቦሎቄና የግመል ሥጋ ቶሎ የማይበስሉት በከፊል ለዚህ ነው። አንድ ደህና ፕሬሸር ኩከር እዚህ ከማይክሮዌቭ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ምድጃው ምንም ይሁን ምን የማብሰያ ጊዜውን በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል።

ፍሪጅ

ፍሪጅ ጀርባ ወይም ውስጡ ጎን ላይ የተለጠፈች ወረቀት አለች። እዚያ ላይ የአየር ጠባይ ምድብ በላቲን ፊደል ይጻፋል። «ኤን» የሚለው እስከ 32 ዲግሪ፣ «ኤስቲ» እስከ 38፣ «ቲ» እስከ 43 ዲግሪ ባለ ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የተዘጋጀ ነው። ድሬ በሞቃቱ ወራት ውጭው 35 ሲነካ ምጣድ የተለኮሰበት ኩሽና 40 ሊያልፍ ይችላል። እዚያ የገባ «ኤን» ፍሪጅ ሌት ተቀን ሳያርፍ ይሠራል፣ ውሃም አያቀዘቅዝም፣ ኮምፕረሰሩም ዕድሜው ያጥራል። ለድሬ «ቲ» ብቻ ግዙ፤ ለሐረር «ኤስቲ» ይበቃል። ቦታውም ከምጣዱና ከምድጃው ይራቅ፣ ከጀርባው 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከጎኑ 5 ይተውለት።

በረዶ የሚይዘው ተራ ፍሪጅ ዋጋው ይቀንሳል፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለ የሚበላሽበትም ነገር ትንሽ ነው፣ መብራት ሲጠፋም የያዘው በረዶ ቅዝቃዜውን ያቆይለታል። ግዴታው በረዶው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ነቅሎ ማቅለጥ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ፍሪጅ የሚሞተው፦ ለመቸኮል በቢላ ይፈቀፈቃል፣ ቢላው ስሱን የአሉሚኒየም ግድግዳ ይበሳል፣ ሽ ብሎ ጋዙ ይወጣል። ያ ቀዳዳ ተበይዶ ብዙ አይቆይም። የሞቀ ውሃ የያዘ ጎድጓዳ ሳህን ውስጡ አስቀምጦ በሩን ከፍቶ መጠበቅ በቂ ነው።

ኖ ፍሮስት በረዶ አያስይዝም፣ ብዙ ጊዜ ለሚከፈት የትልቅ ቤተሰብ ፍሪጅ ምቹ ነው። ማራገቢያ፣ ማቅለጫ ሙቀት ሰጪና ሰዓት ቆጣሪ አለው፤ ሦስቱም የሚበላሹ ናቸው። ሥጋው እየቀለጠ «ጋዝ አልቋል» ከተባላችሁ መጀመሪያ ማቅለጫው ይፈተሽ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። ባለ ኢንቨርተሩ (የኮምፕረሰሩን ፍጥነት እንደ ፍላጎቱ የሚለዋውጠው) መብራት ይቆጥባል፣ ሲነሳም ብዙ አይስብም፤ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳው ግን ከመብራት መመላለስ መጠበቅ አለበት።

የትኛውም ቢገዛ ባለ 1,000 ቮልት አምፒር ስታብላይዘር ወይም ፍሪጅ ጋርድ አብሮ ይገዛ። ዋናው ጥቅሙ መብራት እንደመጣ ፍሪጁን ቢያንስ 3 ደቂቃ ማስጠበቁ ነው። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረግብ ወዲያው ቢነሳ፣ መዞር አቅቶት ከፍተኛ ኃይል እየሳበ ይቃጠላል። ምጣድን በስታብላይዘር ላይ አትሰኩ፤ አይችለውም፣ ምጣዱም አያስፈልገውም።

የማቀዝቀዣ ጋዙንም አንብቡ። «አር 600ኤ» የተጻፈበት ፍሪጅ ከ40 እስከ 70 ግራም ገደማ ብቻ ነው የሚይዘውና በግራም ሚዛን መሞላት አለበት፤ ጋዙ ተቀጣጣይ ስለሆነም ቱቦው ውስጥ እያለ ብየዳ አይነካውም። ጠጋኙ ሚዛን ከሌለው ሌላ ጠጋኝ ፈልጉ።

መጠን፦ ለአራት አምስት ሰው ከ200 እስከ 250 ሊትር ይበቃል። ሥጋ በብዛት ለሚያስቀምጥ ቤት ከላይ የሚከፈት ፍሪዘር ለብቻው ይሻላል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ክዳኑ ሲከፈት ወጥቶ አያልቅም፤ ሞልቶ ካልተከፈተም ያለ መብራት አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ይቆያል።

ከውጭ የተላከ ወይም ያገለገለ ዕቃ

ዘመድ ከሳዑዲ የላከው ፍሪጅ 60 ኸርዝ (የመብራቱ ሞገድ በሰከንድ የሚደጋገምበት ቁጥር) ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ኮምፕረሰሩ በስድስት አንድ እጅ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ከልክ በላይም ይግላል። ቮልት የሚቀይረው ትራንስፎርመር ኸርዙን አይቀይርም። ወረቀቷ ላይ «50/60» ካለ ችግር የለም። ማይክሮዌቭም እንዲሁ ነው። የውሃ ማፍያና ኦቨን ግን ቮልቱ ከ220 እስከ 240 ከሆነ ኸርዙ አያስጨንቃቸውም።

የቀሩት

የውሃ ማፍያ፦ የድሬ ውሃ ኖራው ስለሚበዛ ሥሩ ዝርግ ብረት የሆነውን ግዙ፤ የተጠቀለለ ብረት ያለው ለማጽዳት ያስቸግራል። በየሁለት ሳምንቱ ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ አፍልቶ መድፋት ነው። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያለ ልዩ ጨው በኖራ ይደፈናል፤ ጣሪያ ላይ ካለ ሮቶ በ3 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ውሃም 0.3 ባር ገደማ ግፊት ብቻ ስለሚሰጥ ያለ ፓምፕ ላይሠራ ይችላል፤ አንመክረውም። ለቁሌትና ለበርበሬ ሽታ በከሰል ማጣሪያ አየሩን መልሶ የሚለቀው ሁድ አይረዳም፤ ወደ ውጭ የሚያስወጣ፣ ካልሆነም ግድግዳ ላይ የሚገጠም ማራገቢያ ይሻላል።

| አማራጭ | ኃይል | መብራት ሲጠፋ | ዋና ድካሙ | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|
| የሸክላ ምጣድ | 3,500 ዋት ገደማ | ይቆማል | የራሱ መስመር ይፈልጋል | በብዛት ለሚጋግር |
| ቴፍሎን ምጣድ | ወረቀቱን እዩ | ይቆማል | ከተጫረ አይታደስም | ለትንሽ ቤተሰብ |
| ተራ ኤሌክትሪክ ምድጃ | በአንዱ 1,000–2,000 ዋት | ይቆማል | ቮልት ሲወርድ ይደክማል | ለጠባብ በጀት |
| ኢንዳክሽን | 2,000 ዋት ገደማ | ይቆማል | ድስት ይመርጣል | ቮልቱ ለረጋ፣ ኩሽናው ለሚሞቅ |
| ጋዝ | የለም | ይሠራል | አቅርቦት | ቮልቱ ለሚወርድ ሠፈር |
| ቅልቅል ምድጃ | በኤሌክትሪኩ ልክ | በጋዙ ይሠራል | ዋጋው ከፍ ይላል | ለአብዛኛው ቤተሰብ |
| ተራ ፍሪጅ | በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ | በረዶው ያቆየዋል | በእጅ ማቅለጥ | መብራት ለሚጠፋበት |
| ኖ ፍሮስት | በአብዛኛው ከተራው ይበልጣል | ቶሎ ይሞቃል | የሚበላሽ ክፍል ይበዛል | በሩ ለሚከፈት ትልቅ ቤት |

ለማን ምን?

ተከራይ ከሆናችሁና በጀቱ ጠባብ ከሆነ ግድግዳ ላይ የሚገጠም ነገር አትግዙ። ባለ ሁለት ማቃጠያ የጋዝ ምድጃ፣ ፕሬሸር ኩከርና ከ150 እስከ 200 ሊትር ተራ ፍሪጅ ከነጋርዱ ይበቃል። ምጣዱ አከራዩ መስመር እስኪያስገባ ይቆይ፤ እንጀራ ገዝቶ መብላት ሶኬት ከማቅለጥ ይረክሳል።

የራሱን ቤት የሠራ መካከለኛ ቤተሰብ ከዕቃው በፊት ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይክፈል፦ ለምጣድ አንድ መስመር፣ ለኦቨን አንድ፣ ለፍሪጅ አንድ። ከዚያ የሸክላ ምጣድ፣ ቅልቅል ምድጃና «ቲ» ምድብ ፍሪጅ። ኦቨን በዓመት ሦስት ጊዜ ለዳቦ ብቻ ከሆነ የሚያስፈልገው፣ ገንዘቡ ለሁለተኛ ሲሊንደር ይዋል።

ሳምቡሳ፣ ፉልና እንጀራ ከቤት የሚሸጡ ደግሞ መጥበሻውን በጋዝ፣ ምጣዱን ሁለት አድርገው ይያዙ። ሁለት ምጣድ 7,000 ዋት ስለሚሆን 25 አምፒር ብሬከር አይችለውም፤ አስቀድሞ ከፍ ያለ መስመር ማስገባት ያስፈልጋል።

ፍሪጁ ከሱቅ ወደ ቤት ቆሞ ይጓዝ። ተኝቶ ከመጣ ቢያንስ 4 ሰዓት ቆሞ ይረፍ፤ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው ይመለስ። ከዚያ ባዶውን ተሰክቶ አንድ ሌሊት ይደር፤ ጠዋት ውስጡ የተቀመጠ ብርጭቆ ውሃ ቀዝቅዞ ከተገኘ ዕቃ ይግባበት፣ ካልሆነ ደረሰኙ እጃችሁ ላይ ሳለ መልሱት።